የምድር መናወጥና የጥፋተኛ ፍለጋ

በጎንደር ፋሲል ግቢ ውስጥ ያለው የቀዳማዊ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ሁለት ጊዜ ተጎድቷል። የመጀመሪያው ጉዳት እ.ኤ.አ. በ1704 ከተማዋን ከመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ጋር ይያያዛል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በጎንደር መሽጎ የቀረውን የኢጣሊያ ጦር ሲደበድቡ የደረሰ ነው። ዛሬ በግቢው የሚያልፍ ጎብኚ ከፈረሰው ግንብ የትኛው በምድር፣ የትኛው በቦምብ እንደወደቀ ለመለየት ይቸገራል፤ ድንጋዩም ያው ድንጋይ፣ ኖራውም ያው ኖራ ነው። በፍልስፍናና በሥነ መለኮት ግን ሁለቱ ጉዳቶች በአንድ መዝገብ አይጻፉም። ቦምቡ ጣይ አለው፣ አዛዥ አለው፣ ጦርነቱን የጫረ መንግሥት አለው፤ ሁሉም በሰውም በፈጣሪም ፊት ሊጠየቁ ይችላሉ። ለመንቀጥቀጡ የሚጠየቀው ማን ነው? አንደኛው የሰው ክፋት፣ ሌላው የተፈጥሮ መከራ ይባላል። የሰውን ክፋት በነጻ ፈቃድ ማስረዳት ያን ያህል አያስቸግርም። የተፈጥሮ መከራ ግን ቸርና ሁሉን ቻይ በሆነ አምላክ ለሚያምን ሁሉ የቆየ ፈተና ነው። ምድርን የሠራት እርሱ ከሆነ የምትናወጥ አድርጎ ለምን ሠራት?

ጥያቄውን በቅጡ ለመያዝ አስቀድሞ የሚናወጠው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ከጎንደር በስተሰሜን፣ ወደ ሳንጃና ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የላይ አርማጭሆዋ ከተማ ትክል ድንጋይና በዙሪያዋ ያለው ደጋ የቆሙት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ በወጣ ቅልጥ አለት ላይ ነው። አለቱ የፈሰሰው ከአንድ ተራራ አፍ ሳይሆን ከረጃጅም የመሬት ስንጥቆች ነበር። አንዱ ፈሳሽ ሲረጋ ሌላው በላዩ እየተነጠፈ በአንዳንድ ስፍራ ውፍረቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ደርሷል። ገደሎቹ ላይ እንደ መደርደሪያ የሚታዩት አግድም እርከኖች የእነዚያ ፈሳሾች ምስክሮች ናቸው። ከዚህ ንጣፍ በላይ ደግሞ የስሜን እሳተ ገሞራ ተቆለለ። ከ4,500 ሜትር በላይ የሚረዝመው ራስ ደጀን የዚያ የጥንት እሳት ተራራ ቅሪት ነው። እሳቱ ከጠፋ ብዙ ሚሊዮን ዓመታት አልፈዋል፤ ዝናብና ወንዝ ከዚያ ወዲህ ሲቦረቡሩት ኖረው ዛሬ የሚታየውን አምባና ገደል አወጡት።

የእሳቱ ምንጭ ግን አልደረቀም፤ የሚወጣበትን ቦታ ቀየረ እንጂ። የመሬት ቅርፊት አንድ ወጥ ሳይሆን በታላላቅ ክፋዮች የተከፋፈለ ነው፤ ሳይንሱ ቴክቶኒክ ፕሌት ይላቸዋል። በአፋር ሦስቱ ይገናኛሉ፤ የዓረቢያ፣ የኑቢያና የሶማሊያ። ደጋው ኑቢያ ላይ፣ ባሌና ሐረርጌ ሶማሊያ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ስምጥ ሸለቆ በዓመት አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። በዚህ ስሌት የኢያሱ ግንብ ከተናወጠ ወዲህ ሁለቱ ዳርቻዎች የተራራቁት 1.6 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ መሬት ሁልጊዜ በልክ አትሄድም። ብዙ ዘመን ተወጥራ ቆይታ በአንድ ጊዜ ትለቃለች። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተከፍቶ ቅልጥ አለት ሞላበት፤ ቅርፊቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ ስምንት ሜትር ድረስ ተለያየ። ጎንደር ከዚህ ቀጠና የራቀች ናት። ቢሆንም የጣና ተፋሰስ ራሱ የጎንደር፣ የደብረ ታቦርና የደንገል በር የሚባሉ ሦስት የጥንት ስምጦች መገናኛ ስለሆነ ከሥሩ ያረጁ ስንጥቆች አሉ። ያረጀ ስንጥቅ ደግሞ አልፎ አልፎ ይነቃል።

ይህ ሁሉ መንቀጥቀጡ እንዴት እንደሚመጣ ይናገራል። ምን ማለት እንደሆነ አይናገርም፤ እንዲናገርም አይጠበቅበትም። ችግሩ የሚጀምረው አንዱ መልስ የሌላውን ቦታ ልያዝ ሲል ነው፤ ይህ ስሕተት ደግሞ በሁለቱም ወገን ይታያል። ፕሌቶቹ ስለተንቀሳቀሱ ፈጣሪ የለበትም የሚለው ሰው፣ ዝናብ ከደመና ስለሚወርድ ለዝናብ ማመስገን ከንቱ ነው እንደሚል ሰው ነው። ኃጢአት ስለበዛ ምድር ተናወጠች የሚለው ደግሞ በአፋር በረሃ ከጎንደር ወይም ከፓሪስ የበለጠ ኃጢአት መኖሩን ማስረዳት ይጠበቅበታል።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስለ ምድር ጽናት የሚለው ነገር ከተለመደው ግምት የተለየ ነው። ዳዊት በየዕለቱ የሚደግሙት ምእመናን ምድር በውሃ ላይ እንደጸናች በመዝሙሩ ያነባሉ። ሊቃውንቱም ፍጥረትን ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት፣ ያስተምራሉ። እነዚህ እርስ በርሳቸው የሚጻረሩ ናቸው፤ ውሃ እሳትን ያጠፋል፣ ነፋስ አፈርን ይበትናል። ተስማምተው መኖራቸው የፈጣሪ ሥራ ነው። በዚህ አስተሳሰብ ማብራሪያ የሚያስፈልገው የምድር መናወጥ ሳይሆን አለመናወጧ ነው፤ ጽናቷ ስጦታ እንጂ መብት አይደለም። መዝሙር 103 ላይ ፈጣሪ ምድርን ሲመለከታት ትንቀጠቀጣለች፣ ተራሮችን ሲዳስሳቸው ይጤሳሉ የሚል ሐሳብ አለ። የሚገርመው ይኸው መዝሙር የቁጣ መዝሙር አለመሆኑ ነው። ምንጮችን፣ የሜዳ አህዮችን፣ ወፎችንና አንበሶችን እየጠራ ፍጥረትን የሚያደንቅ መዝሙር ነው፤ የሚጤሰው ተራራም ከነዚያ ድንቆች አንዱ ሆኖ ገብቷል።

ከቀኖናው መጻሕፍት መካከል ለእሳተ ገሞራ በጣም የቀረበው መጽሐፈ ሔኖክ ነው፤ ሙሉ ሆኖ የተገኘውም በግእዝ ነው። በ67ኛው ምዕራፍ የበደሉት መላእክት የታሰሩበት ሸለቆ ይታያል። የቀለጠ ብረት ይናወጥበታል፣ የዲን ሽታ ይወጣበታል፣ በሥሩ የእሳት ጅረት ይሄዳል። በዚያው ስፍራ የሚፈልቀው ውሃ ለነገሥታትና ለኃያላን ሥጋቸውን የሚፈውስ፣ በፍርድ ቀን ግን የሚቀጣቸው ይሆናል። የአፋርን ዳናኪል በረሃ ያየ ሰው የሸለቆውን ሥዕል ያውቀዋል። ከሁሉ የሚልቀው ግን መጽሐፉ ፈውሱንና ቅጣቱን ከአንድ ምንጭ ማውጣቱ ነው። በደራ ወረዳ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ለመታጠብ የሚሄደው የጎንደር ሕዝብም፣ በፍል ውሃ ዙሪያ አዲስ አበባን የቆረቆሩት ነገሥታትም የታጠቡት ምድርን በሚያናውጠው በዚያው ሙቀት ነው። ፍል ውሃውን ተቀብሎ መናወጡን ብቻ ለሰይጣን መስጠት በሔኖክ ዘንድ አይቻልም።

ምድር ስትናወጥ ደብሮች ምሕላ ያውጃሉ፣ እግዚኦታ ይደርሳል። ምሕላ ግን በባሕርዩ የጋራ ነው። ካህኑም ምእመኑም ስለ ራሱ በደል ይለምናል እንጂ የጎረቤቱን ኃጢአት ለፈጣሪ አይከስስም። ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው። እኔ በድያለሁና ማረኝ ማለትና እነርሱ በድለዋልና መታቸው ማለት ፍጹም የተለያዩ ንግግሮች ናቸው። የመጀመሪያው ጸሎት ነው። ሁለተኛው ፍርድ ነው፤ ፈራጁም ሥልጣን ያልተሰጠው ሰው ነው።

ይህን የፍርድ ንግግር የሚቃወሙት ከሁሉ በፊት ራሳቸው ቅዱሳት መጻሕፍት ናቸው። የኢዮብ ልጆች የሞቱት ዐውሎ ነፋስ ቤት ጥሎባቸው ነው። ወዳጆቹ ሊያጽናኑት መጥተው የጀመሩት ክርክር ያለ ኃጢአት ቤት አይወድቅም የሚል ነበር። ንግግራቸው ረጅም፣ የተዋበና በብዙ ቦታ እውነት ነው። መጽሐፉ ሲያልቅ ፈጣሪ የተቆጣው ግን በኢዮብ ላይ ሳይሆን በእነርሱ ላይ ነው። ኤልያስ በኮሬብ ሲቆም ነፋስ፣ መንቀጥቀጥና እሳት በተራ አለፉ፤ እግዚአብሔር በመንቀጥቀጡ ውስጥ አልነበረም። በሉቃስ ወንጌል 13ኛ ምዕራፍ የሰሊሆም ግንብ 18 ሰዎች ላይ መውደቁ ይነሣል። ክርስቶስ የሞቱት ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ሰዎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሮ ቃሉን ወደ ሰሚዎቹ ያዞራል። ነቢዩ አሞጽ ደግሞ ትንቢቱን የጀመረው ከመሬት መንቀጥቀጡ ሁለት ዓመት በፊት መሆኑን ይገልጻል። በንጉሥ ዖዝያን ዘመን የደረሰው ያ ትልቅ መንቀጥቀጥ እዚህ ያገለገለው ዘመን ለመቁጠሪያ ነው። ለነገሩ የፍልስጤም ምድር የምትናወጠው የዓረቢያ ፕሌት በሙት ባሕር በኩል ጎረቤቱን እየታከከ ስለሚያልፍ ነው፤ ያው ፕሌት በደቡብ ጫፉ አፋር ይደርሳል። አሞጽ የቆጠረበት መንቀጥቀጥና የአፋር ስንጥቅ ዘመዳሞች ናቸው።

በእስልምናም ነገሩ ተመሳሳይ ሚዛን አለው። ስምንት አንቀጾች ያሉት ሱረቱ ዘልዘላ የመጨረሻውን ቀን በምድር መናወጥ ይገልጻል፤ በዚያ ቀን ግን እያንዳንዱ የሚያየው የብናኝ ክብደት ያህል የሆነውን የራሱን ሥራ ነው። የነቢዩ ሙሐመድ ልጅ ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ስትጋረድ ሰዎች ለሕፃኑ ሞት ነው አሉ። ነቢዩ ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ፣ ከአላህ ምልክቶች መካከል መሆናቸውን ነግረው ሰዉ ወደ ሶላት እንዲቆም አዘዙ። ልጁን የቀበረ አባት፣ ሰማይ እንኳ አብሮት አዘነ የሚለውን ማጽናኛ እምቢ ማለቱ ቀላል ነገር አይደለም። ምልክትነቱ አልተካደም፤ የተከለከለው ምልክቱን ለአንድ ሰው ጉዳይ ማድረግ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው ትልቁ ተቃውሞ ነነዌ ናት። ነነዌ በኃጢአቷ ጥፋት ታውጆባት፣ ሰውም ከብትም ጾመው ከጥፋቱ ዳነች፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ሦስት ቀን የምትጾመው ለዚህ መታሰቢያ ነው። ታዲያ አደጋ የኃጢአት ፍርድ የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት አይደለምን? አለ ቢባል እንኳ ነነዌና ሰሊሆም በአንድ ነገር ይለያያሉ፤ ለነነዌ ዮናስ ተልኮላታል፣ ለሰሊሆም ግንብ የተላከ ነቢይ የለም። ነቢይ ሳይላክ የሆነውን አደጋ ፍርድ ብሎ የሚጠራ ሰው ራሱን ነቢይ እያደረገ ነው። የቀን መገጣጠምም ነቢይ አይሆንም። በ2017 ዓ.ም. የነነዌ ጾም ከየካቲት 3 እስከ 5 ዋለ። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ፣ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ለወራት የዘለቀው የመሬት መንቀጥቀጥ ከፍተኛው፣ መጠኑ 6.0 የሆነው፣ የካቲት 7 ሌሊት ደረሰ። ጾሙ አልተሰማም ሊል የሚፈልግ ይህን ይይዛል፤ ጾሙ ባይኖር ይብስ ነበር የሚልም ይህንኑ ይይዛል። ከሥር የነበረው ቅልጥ አለት ግን ከመስከረም ጀምሮ በስንጥቁ ውስጥ መንገዱን ሲያበጅ ቆይቷል፤ ከቀን መቁጠሪያው ጋር ጉዳይ አልነበረውም።

ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1704 ጎንደር ስትናወጥ ቀዳማዊ ኢያሱ በዙፋኑ ላይ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ልጁ ተክለ ሃይማኖት ነገሠ፣ ኢያሱም ተገደለ። የዚያን ዘመን ጎንደር በቅባትና በተዋሕዶ የሃይማኖት ክርክር የምትታመስ ከተማ ነበረች። መንቀጥቀጡን የንጉሡ ውድቀት ምልክት ማድረግ የፈለገ ሰው ማስረጃ አያጣም፤ የተቃራኒ ወገን ስሕተት ነው ለሚልም ማስረጃው ያው ነው። ሁሉን የሚያስረዳ ምልክት ደግሞ ምንም አያስረዳም።

ከዚህ የከረረ ነገር በጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይገኛል። የሱዳን ድርቡሾች እ.ኤ.አ. በ1888 ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህች ቤተ ክርስቲያን የተረፈችው ንቦች ወጥተው ወራሪውን ስላባረሩ፣ ቅዱስ ሚካኤልም ሰይፉን መዝዞ በሩ ላይ ስለቆመ እንደሆነ ይተረካል። ትረካውን የሚያምን ሰው ንቦቹ በፈጣሪ ፈቃድ ወጡ ይላል። ታዲያ ያን ቀን ንብ ያልወጣላቸው፣ የተቃጠሉት ብዙ አድባራት ምን ይባላሉ? መዳንን ሁሉ ለፈጣሪ ሰጥቶ መከራን ሁሉ ለድንጋይና ለነፋስ መተው ለአማኝ ምቹ ቢሆንም ሚዛኑን የሳተ ነው። ሁለቱንም ለፈጣሪ መስጠት የኢዮብ መንገድ ነው፤ ከባድ ነው፣ ግን ወጥ ነው። ብዙ የጎንደር ሽማግሌዎች በዚህ ላይ ምክንያቱን እርሱ ያውቃል ብለው ያልፋሉ። ይህን አነጋገር ሽሽት ነው ብሎ የሚንቅ የተማረ ሰው አይጠፋም። የማያውቁትን አለማወቅ ግን ከኢዮብ ወዳጆች ረጅም ንግግር ይሻላል።

በአውሮፓ ይህ ክርክር የጋለው እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1755 ሊዝበን ስትፈርስ ነው። ቀኑ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ስለነበር ሕዝቡ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ ላይ ነበር፤ የበዓሉ ሻማና የቤቱ እሳት የተረፈውን አቃጠለው፣ ከባሕር የተነሣ ማዕበልም ወደቡን ዋጠው።  የሊዝበን ወሬ ያንቀጠቀጠው ግን ሌላ ሕንፃ፣ የፍልስፍናን ሕንፃ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒዝ እ.ኤ.አ. በ1710 ይህ ዓለም ሊኖሩ ከሚችሉት ዓለሞች ሁሉ የተሻለው ነው ብሎ ነበር። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቮልቴር በግጥም መለሰለት፤ ከፍርስራሹ ሥር ላሉት ሕፃናት ይህን ማን ይነግራቸዋል የሚል ነው ሐሳቡ። ወጣቱ ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1756 ሦስት ድርሰቶችን ጽፎ ምክንያቱን ከመሬት በታች ባሉ ዋሻዎችና ጋዞች ፈለገ፤ ማብራሪያው ስሕተት ነበር፤ ምክንያቱን ከምድር ውስጥ መፈለጉ ግን ትክክል ነበር። ሩሶ ለቮልቴር በጻፈው ደብዳቤ ክርክሩን ወደ ሌላ መስክ ወሰደው። ስድስትና ሰባት ፎቅ ያላቸውን ብዙ ሺህ ቤቶች በአንድ ቦታ ያጨናነቀችው ተፈጥሮ አይደለችም አለ።

የሊዝበን ሁለት ሰዎች እዚህ ላይ መነሣት አለባቸው። ማላግሪዳ የተባለ ኢየሱሳዊ ቄስ መንቀጥቀጡ የሕዝቡ ኃጢአት ቅጣት ነው፣ መፍትሔውም ንስሐ እንጂ ግንባታ አይደለም ብሎ ሰበከ፣ ጽፎም አሳተመ። መንግሥቱን በእጁ የያዘው ፖምባል ደግሞ ለየአጥቢያው ካህናት የጥያቄ ወረቀት ላከ፤ ስንት ጊዜ ተናወጠ፣ ምን ያህል ቆየ፣ ስንት ቤት ወደቀ፣ ባሕሩ ምን ሆነ? የመሬት መንቀጥቀጥ ሳይንስ ከተጀመረባቸው ሰነዶች አንዱ ይህ የካህናት መልስ ነው። ማላግሪዳ እ.ኤ.አ. በ1761 በመናፍቅነት ተፈርዶበት ተገደለ፤ በፖለቲካ ጠላትነት የተሠራ ግፍ ነበር፣ የፖምባልንም ስም አያስመሰግንም።

ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ ሌላ ኢየሱሳዊ በአዲስ አበባ የፖምባልን ጥያቄ ጠየቀ። ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዋን በ1950 ዓ.ም. ገደማ፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያን አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1979 በኦታዋ የታተመው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፉ መሣሪያ ያልነበረበትን ዘመን የሞላው ከዜና መዋዕልና ከመንገደኞች ማስታወሻ ነው። ጸሐፌ ትእዛዙ ስለ ፈጣሪ ቁጣ የጻፈውን መስመር ጉዋን ስለ ቀኑ፣ ስለ ቦታውና ስለ ጥንካሬው ያነበዋል። ራሱ ቄስ ነውና የመጀመሪያውን ንባብ አልናቀም፤ ከሁለተኛው ጋር ግን አላደባለቀውም። በዚያው ኮሌጅ ሌላው ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ክላውድ ሰምነር ፍልስፍና ያስተምር፣ የኢትዮጵያን የፍልስፍና ድርሳናት ያሳትም ነበር። ከእነዚያ አንዱ፣ ከጣና በስተምሥራቅ በእንፍራዝ ተጻፈ የሚባለው የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ ነው። ደራሲው በእርግጥ የ17ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ የ19ኛው መቶ ዓመት ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳኡርቢኖ የሚለው ክርክር ዛሬም ይቀጥላል። ሰምነር ኢትዮጵያዊነቱን ተሟግቷል። ሐተታው ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ባያትትም መንገዱ እዚህ ይጠቅማል፤ ሰዎች በፈጣሪ ስም የሚናገሩትን ሁሉ ፈጣሪ በሰጠው ልቡና መመርመር ይገባል ይላል። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ጎረቤቱን በመንቀጥቀጥ የሚከስስን ሰባኪ ዝም ብሎ አይቀበልም።

የተፈጥሮ መከራን ለማስረዳት ከሚቀርቡት መልሶች በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከሁሉ የሚጠነክረው የጥቅም ክርክር ነው። የሚያናውጠው ኃይል ራሱ ምድሪቱን የሠራት ነው። ደጋው ባይነሣ ኖሮ ዝናቡ አይያዝም፣ ዓባይም አይኖርም። ያ የጥንት እሳት ባይፈስ ዋልካውና ቀዩ አፈር፣ ጤፉና ገብሱ፣ ግብፅንም ሲመግብ የኖረው ደለል ከየት ይመጡ ነበር? በትክል ድንጋይ ዙሪያ የሚያርስ ገበሬ የሚያርሰው የደቀቀ እሳተ ገሞራ ነው። ፕሌቶቿ የማይንቀሳቀሱ ምድር ተራሮቿ በዝናብ ተሸርሽረው ያልቃሉ፣ አዲስም አይተካቸውም።

ክርክሩ ትክክል ነው፤ ግን የሚያገለግለው ለደጋው እንጂ ለሞተው ሰው አይደለም። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ ምድር ስትናወጥ ማጀቴ ከተማ ፈረሰች። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የአፋሯ ሰርዶ ተራዋ ደረሰ። ለማጀቴ እናት፣ ልጅሽን የወሰደው ኃይል ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት አፈርሽን የሠራልሽ ነው ማለት እውነት ቢሆንም ጭካኔ ነው። ጥቅሙን የሚያገኘው አንዱ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ነውና ሒሳቡ አይዘጋም። የኃጢአት ክርክር ደግሞ በእንስሳት ፊት ጭራሽ ይወድቃል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ሃይሊ ጉቢ፣ በተመዘገበ ታሪክ ፈንድቶ የማያውቀው እሳተ ገሞራ፣ አመዱን ቀይ ባሕርን አሻግሮ እስከ ሕንድ ላከ፤ በአፍዴራ በኩል የግጦሹ መሬት አመድ ለበሰ። ፍየሏ ምን በደለች? የዮናስ መጽሐፍ ያለቀው ፈጣሪ በነነዌ ላሉት ብዙ እንስሳት እንደሚራራ በመናገር ነው፤ ቅጣት አብሳሪዎች ይህን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ሲዘሉት ይታያል።

ስለዚህ የተፈጥሮ መከራ ለምን አለ ለሚለው ጥያቄ ሙሉ መልስ አልተገኘም። ከውስጡ የሚለይ አንድ ቁራጭ ግን መልስ አለው፤ እርሱም የሩሶ ነው። በመሬት መንቀጥቀጥ የሚሞትን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው መሬት ሳይሆን ጣሪያና ግድግዳ ነው። በአፋር በቀጭን እንጨትና በሰሌን በተሠራ ቤት የሚተኛ አርብቶ አደርና በሲሚንቶ ቤት የሚተኛ ሰው በአንድ መናወጥ እኩል አይጎዱም። በሰሜን ጎንደር ደጋ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ግድግዳ ክብደቱ ብዙ፣ መያያዣው ጥቂት ነው። የፎቅ ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ምሰሶው ውስጥ ያለው ፌሮ ቢቀጥን፣ በተለይም ምሰሶና ወራጅ በሚገናኙበት ቦታ ፌሮውን የሚያቅፈው ቀለበት፣ ስታፋው፣ ቢራራቅ፣ አርማታው ሲናወጥ ይፈርሳል። ከውጭ ሲታይ ግን ከደህናው አይለይም፤ ልስንና ቀለም ሁሉን ይሸፍናሉ። ኢትዮጵያ ሕንፃዎች መንቀጥቀጥን እንዲቋቋሙ የሚያዝ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1995 አውጥታለች፣ በኋላም አሻሽላለች። አገሪቱንም እንደ አደጋው መጠን በቀጠና ከፍላለች። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ መናወጥ አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ቤቶችን ሲያወዛውዝ ብዙ ነዋሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀው የኖረበት ቤት በዚያ ደንብ መሠረት መሠራቱን ነበር።

እዚህ ላይ በተፈጥሮ መከራና በሰው ክፋት መካከል የተሠመረው ድንበር ይደበዝዛል። መናወጡ የተፈጥሮ ነው፤ የጎደለው ስታፋ የሰው ነው። ፌሮ የቀነሰ ተቋራጭ፣ አይቶ ያለፈ ተቆጣጣሪ፣ ርካሹን የመረጠ ባለቤት በነጻ ፈቃዳቸው የወሰኑት ነገር ነው። ኦሪትም በዚህ ነጥብ ላይ ዝም አላለችም። ዘዳግም 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ሳያደርግ ቀርቶ ሰው ቢወድቅ ደሙ በዚያ ቤት ላይ ይሆናል። ሕጉ የወደቀው ሰው ጻድቅ ይሁን ኃጥእ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቤቱን የሠራውን ነው።